ሳይማሩ የተዛወሩት

በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአዲስ አበባ መገኘቱ በተነገረ በሦስተኛው ቀን፣ ከአፀደ ሕፃናት ጀምሮ ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ እንዲዘጋ የመንግሥት ትእዛዝ በወጣ ጊዜ፣ የመዝጊያው ዘመን ለ15 ቀን ብቻ የተወሰነ ስለ ነበረ፣ ተማሪውም መምህሩም ነገሩን እንደ አጭር ዕረፍት ቈጥረው ተሰነባበቱ። 15ቱ ቀን ግን ወር ሆነ፤ ወሩም ሳያልቅ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ በዓለ ትንሣኤውን ምእመናን በየቤታቸው ተቀምጠው አሳለፉት፤ ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ ዘመነ ዮሐንስም ተፈጽሞ ዘመነ ማቴዎስ ተተካ። የመጀመሪያዎቹ ትምህርት ቤቶች እንደ ገና ደጃቸውን የከፈቱት በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሰባት ወር ውስጥ 26 ሚሊዮን ያህል ተማሪ ከመምህሩ ተለይቶ ቈይቷል።

የመዝጋቱን ውሳኔ ዛሬ ተቀምጦ መንቀፍ ይቀላል፤ እኔ ግን አልነቅፈውም። የበሽታው ጠባይ ገና ባልታወቀበት በዚያ ወራት ከዓለም መንግሥታት አብዛኞቹ ያንኑ አድርገዋል፤ ኡጋንዳማ ትምህርት ቤቶቿን ሙሉ በሙሉ የከፈተችው በጥር 2014 ዓ.ም.፣ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ይልቁን ሊመረመር የሚገባው ከተከፈተ በኋላ ያለው ዘመን ነው፤ ምክንያቱም ደጁ የተዘጋበት ጊዜ በሰባት ወር ሲያበቃ፣ ያ ሰባት ወር በልጆች ልቡና ውስጥ የተወው ክፍተት ግን ከዚያ ወዲህ እየጠበበ ሳይሆን እየሰፋ ሄዷል ብሎ ለመፍራት በቂ ማስረጃ አለ።

የትምህርት ቤት መዘጋት ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን በመታ ጊዜ ዘመናዊው ትምህርት በ1900 ዓ.ም. ከተመሠረተው ከዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትና ከጥቂት ሌሎች ያልዘለለ ስለ ነበረ፣ ጉዳቱ በተማሪ ቍጥር የሚለካ አልነበረም። የፋሺስት ጦር በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን በያዘ ጊዜ የደረሰው ግን ከዚህ ይለያል፤ ኢትዮጵያዊው ልጅ ይማርበት የነበረው ደጅ አምስት ዓመት ተዘግቶ ከመቈየቱም በላይ፣ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላ ያ ጥቂት የተማረ ወጣት እየተለቀመ ተገድሏል። ነፃነት በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ ጢሙን ያቀመቀመ ጐልማሳ ከሕፃን ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ ፊደል መቍጠሩ ብርቅ አልነበረም። በዚያ ዘመን የነበሩት መምህራን ለዚህ ያገኙለት ዘዴ፣ ተማሪውን በዕድሜው ሳይሆን በዕውቀቱ መመደብና ዕውቀቱ ከክፍሉ ያለፈ መሆኑን ባዩ ጊዜ፣ ዓመቱ እስኪፈጸም ሳይጠብቁ ወደ ላይኛው ክፍል ማሻገር ነበር፤ ደብል መታ እየተባለ በየመንደሩ ይወራለት የነበረው ተማሪ የዚህ ሥርዓት ፍሬ ነው። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የእድገት በኅብረት ዘመቻ ዩኒቨርሲቲውንና የሁለተኛ ደረጃን ከፍተኛ ክፍሎች ዘግቶ 60 ሺህ ያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር አሠማርቷል፤ ከትምህርቱ የተለየው ግን ማንበብና መጻፍ የጨረሰ ወጣት ነበር። የ2012 ዓ.ም. መዘጋት ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ከመስከረም እስከ መጋቢት ብቻ ተምሮ ፊደሉን በከፊል የያዘውን የ1ኛ ክፍል ሕፃን ጭምር ወደ ቤቱ በመስደዱ ነው።

መንግሥትም ሆነ መምህራኑ በዚያ ወራት እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ትምህርት በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዲቀጥል ታዘዘ፤ ይህም ከባዶ የተነሣ ሐሳብ አልነበረም፤ ትምህርትን በራዲዮ ማስተላለፍ ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ጀምሮ የተለመደ ነው፤ በ1971 ዓ.ም. በተከፈተውና በ15 ቋንቋዎች በተካሄደው፣ የዩኔስኮን ሽልማት ባስገኘው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜም ራዲዮ ከመሣሪያዎቹ አንዱ ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ፕላዝማ እያለ የሚጠራው የቴሌቪዥን ትምህርት በየክፍሉ ገብቷል፤ በዚያው ዘመን ገደማም ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባልደረቦቿ ጋር የጀመረችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የሕፃናት ዝግጅት አንዲት የቀጭኔ አሻንጉሊት መምህርት አድርጎ በሺህ የሚቈጠሩ ልጆችን በአማርኛ ሲያስተምር ቈይቷል። ስለዚህ ድምፅና ሥዕል አልጐደለም፤ የጐደለው ተቀባዩ ዕቃ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና የጤና ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ከ100 የኢትዮጵያ ቤተሰቦች የኤሌክትሪክ መብራት የነበራቸው 26ቱ ብቻ ሲሆኑ፣ በከተማ ካሉት 93ቱ፣ በገጠር ካሉት ግን 8ቱ ብቻ ነበሩ። ከጥናቱ እስከ ወረርሽኙ ባለፉት አራት ዓመታት መሻሻል ተደርጓል ቢባል እንኳ፣ መብራት በሌለበት ቤት የቴሌቪዥን ትምህርት ተሰጠ ማለት ለመዝገብ ካልሆነ በቀር ለልጁ የሚያመጣለት ነገር የለም።

በከተማው ደግሞ ቴሌግራም ነበር። የግል ትምህርት ቤቶች መምህራን ወርክ ሺት እያዘጋጁ በየቡድኑ ይለቁ ነበር፤ ወላጅም ያንን አሳትሞ ወይም ከስልኩ እያስገለበጠ ልጁን ያሠራ ነበር። ስልኩ ግን የአባት ነው፤ አባትም ጠዋት ይዞት ይወጣል፤ ማታ ሲመለስ ሦስት ልጆች አንድ ስልክ ይጠብቃሉ፤ የኢንተርኔቱ ካርድ የሚሞላውም ከቀለቡ ተቀንሶ ነው። በዚያ ላይ የወርኀዊ ክፍያው ክርክር ተነሣ፤ ልጄ ቤት ተቀምጦ ስለ ምን እከፍላለሁ የሚል ወላጅና ለመምህራኔ ደመወዝ ከየት አመጣለሁ የሚል ባለ ትምህርት ቤት ሲካሰሱ ቈይተው፣ የትምህርት ሚኒስቴር ከመደበኛው ክፍያ ከ50 እስከ 75 በመቶ ይከፈል ብሎ እስኪወስን ድረስ የወላጆች ጉባኤ ሁሉ መነጋገሪያ ትምህርቱ መሆኑ ቀርቶ ገንዘቡ ሆኖ ነበር። የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ በዚህ ክርክር ውስጥ አልነበረም፤ ስለ እርሱ የሚከራከርለትም አልተገኘም።

የዓለም ባንክና የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በስልክ እየጠየቁ ባካሄዱት ዳሰሳ፣ ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ ልጆቻቸው አንዳች ዐይነት ትምህርት ይከታተሉ የነበሩት ቤተሰቦች በከተማና በገጠር መካከል እጅግ የተራራቁ ሆነው ተገኝተዋል። ይህ ዳሰሳ ስልክ ያላቸውን ብቻ የጠየቀ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ስልክ የሌለው ቤት ቢጠየቅ ኖሮ ርቀቱ ከዚህም ይብስ ነበር።

ትምህርት ቤት ከትምህርት ሌላ የሚሰጠው ነገር ምን ያህል እንደ ነበረም ያን ጊዜ በግልጥ ታየ። አዲስ አበባ ውስጥ በዚያው ዓመት ገና በተጀመረው የተማሪዎች ምገባ ቍርሱንና ምሳውን ያገኝ የነበረ ልጅ ማዕዱ ተቋረጠበት። በገጠር ወንዱ ልጅ ወደ ከብቱ፣ ሴቲቱ ወደ ውሃውና ወደ እንጨቱ ተመለሱ፤ በአማራ ክልልና በሌሎችም ስፍራዎች ያለ ዕድሜ ጋብቻ እንዲያገረሽ ሆነ፤ ቀድሞ ርእሰ መምህሩ ወይም መምህርቲቱ ከተማሪዋ መቅረት የተነሣ ሰርጉን ሰምተው ለወረዳው ያስታውቁ ስለ ነበረ፣ ያ ጠባቂ ዐይን ሲጠፋ ሽማግሌ የላከው ሁሉ የሚከለክለው አላገኘም። ከእነዚያ ልጃገረዶች የተዳሩት ትምህርት ቤቱ ሲከፈት አልተመለሱም።

አሁን ወደ ነገሩ ልብ እንግባ።

ትምህርት ቤቶቹ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ አስቀድሞ የገጠሩ፣ ከዚያም የከተማው እየተባለ በየደረጃው ሲከፈቱ፣ በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ተማሪ ብቻ እንዲቀመጥ ስለ ታዘዘ፣ 50ና 60 ልጅ የሚይዘው ክፍል ቢያንስ ለሁለት መከፈል ግድ ሆነበት። ስለዚህ ገሚሱ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ገሚሱም በተረፈው ቀን፣ ወይም አንዱ ጠዋት ሌላው ከሰዓት በኋላ በፈረቃ ይመጣ ጀመር። ይህም ማለት ሰባት ወር ከትምህርት የራቀው ልጅ በተመለሰበት ዓመት የሚያገኘው የትምህርት ሰዓት ከቀድሞው እጅግ ያነሰ ሆነ ማለት ነው። ያለፈውን ዓመት የጐደለ ትምህርት ለመሙላት የታሰበው ማካካሻ ለ45 ቀን የተወሰነ ነበር። ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በቀር ተማሪው ሁሉ ደግሞ በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ውጤቱ ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛውሮ ነበር። የ12ኛ ክፍሎቹ ፈተና በታብሌት ይሰጣል ተብሎ ሲጠበቅ ታብሌቱ በጊዜው ሳይደርስ ቀርቶ፣ በመጨረሻ በተለመደው ወረቀት የተሰጠው በ2013 ዓ.ም. የካቲት ተፈጽሞ መጋቢት ሲጠባ ነው።

ማዛወሩ ስሕተት ነበር አልልም። 26 ሚሊዮን ተማሪ ባለበት ይድገም ቢባል፣ በ2013 ዓ.ም. መስከረም ሰባት ዓመት የሞላው አዲስ ሕፃን ሁሉ በ1ኛ ክፍል ደጅ ከቀደመው ጋር ተጋፍቶ፣ አንድ ወንበር ለሁለት ትውልድ ሊሆን ነበር። ክፍሉ ይበቃል፣ መምህሩ ይበቃል፣ መጽሐፉ ይበቃል የሚል ሰው አልነበረም። የተሳተው ከዚያ በኋላ ባለው ነው፤ ይኸውም ልጁ በመዝገብ ላይ ወደ 2ኛ ክፍል ሲሻገር፣ በእጁ ምን ይዞ እንደ ተሻገረ የጠየቀው አለመኖሩ ነው። የ2ኛ ክፍል መምህር የ2ኛ ክፍልን መጽሐፍ ከምዕራፍ አንድ ይጀምራል፤ ምክንያቱም ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ የሚጠይቀው ፖርሽኑ የት ደረሰ ብሎ ነው እንጂ፣ ከእነዚህ 60 ልጆች ስንቱ አንድ ዐረፍተ ነገር ያነባል ብሎ አይደለም። ማንበብ ያልጀመረው ልጅ መጽሐፉ ሲገለጥ ዝም ብሎ ያያል፤ በሚቀጥለው ዓመት መጽሐፉ ይወፍራል፤ እርሱ ግን ያው ነው።

የዚህ ነገር ማስረጃ ሩቅ አገር አለ። በመስከረም 28 ቀን 1998 ዓ.ም. ሰሜን ፓኪስታንን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ በሥፍራው ያሉትን ትምህርት ቤቶች በአማካይ ለ14 ሳምንት ያህል ዘግቶ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ሦስት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ወደ ሥፍራው ሄደው ልጆቹን በመዘኑ ጊዜ፣ ቤቶቹ ታድሰው፣ የቤተሰቡም ኑሮ ተመልሶ አገኙ፤ ለመንቀጥቀጡ ቅርብ የነበሩት ልጆች ግን ከሩቆቹ እኩዮቻቸው በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ትምህርት ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። 14 ሳምንት የዓመት ሲሶ እንኳ አይሞላም። የቀረው ጉድለት ከየት መጣ ቢባል፣ ልጆቹ ከተመለሱ በኋላ በተቀመጡበት ክፍል ውስጥ፣ ከሚያውቁት በላይ የሆነ ትምህርት እየተሰጣቸው፣ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየቀሩ ሄደው የተከማቸ ነው ከማለት ሌላ አጥጋቢ መልስ የለም። በዚሁ ጥናት ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው፤ እናታቸው አንደኛ ደረጃን የፈጸመች ልጆች ከጉዳቱ ድነው ተገኝተዋል። የእናት ትምህርት ራዲዮም መብራትም የማይሻ መምህር በቤት ውስጥ አኑሯል ማለት ነው። በአገራችን ያ የ2008 ዓ.ም. ጥናት እንደሚናገረው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ከ100ው 48ቱ ደጀ ትምህርትን ያልረገጡ ነበሩና፣ በስንት ቤት ያ መምህር እንደ ጐደለ አንባቢ ራሱ ይመዝን።

ወደ ራሳችንም ስንመለስ፣ የአዲስ አበባና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኅብረት ሲያጠኑ የቈዩት ጥናት፣ በ2013 ዓ.ም. 4ኛ ክፍል የጀመሩት ልጆች የሒሳብ ዕውቀት፣ በ2011 ዓ.ም. ያንኑ ክፍል ከጀመሩት ያነሰ መሆኑን፣ ልዩነቱም በገጠር ልጆች ላይ የከበደ መሆኑን አሳይቷል። ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በወረርሽኙ ላይ መጣል ለኅሊና የሚከብድ ነገር ነው። ገና በ2002 ዓ.ም. የ2ኛ ክፍል ልጆች ንባብ በተለያዩ ቋንቋዎች በተመዘነ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ያህል አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም ነበር፤ የዓለም ባንክም በዚህ ዘመን ከ100 የዐሥር ዓመት ኢትዮጵያውያን ልጆች 90ው ቀላል ጽሑፍ አንብበው እንደማይረዱ ይገምታል። ስለዚህ ከኮሮና በፊት ወደ ነበርንበት እንመለስ የሚለው፣ ብዙዎች ሲያነሡት የምንሰማው ምኞት፣ የሚመኙትን ነገር በውል ያላዩ ሰዎች ምኞት ነው።

እዚህ ላይ ከገዛ ቤታችን አንድ ነገር ላስታውስ። በአብነት ትምህርት ቤት ሕፃኑ ፊደሉን ሳይለይ አቡጊዳ አይገባም፤ አቡጊዳውን ሳይጨርስ መልእክተ ዮሐንስ አይሰጠውም፤ ንባቡ ሳይቀና ዳዊት አይደግምም፤ ዳዊቱን ሳይደግም ወደ ዜማው ወይም ወደ ቅኔው ጉባኤ የሚያሻግረው መምህር የለም። ከእርሱ በፊት የጀመረው ተማሪ ያስነብበዋል፤ የኔታ የሚሰሙት እርሱ ካቀና በኋላ ነው። አንዱ በዓመት፣ አንዱ በሦስት ዓመት ይፈጽማል፤ የቀረውን ሰነፍ ብለው ቢገሥጹትም ባልያዘው ነገር ላይ ሌላ ነገር አይጨምሩበትም። በወሎና በሐረር ቁርአን ቤቶችም በሉሕ፣ ማለት በእንጨት ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ካልተያዘ አይታጠብም። የዚህ ሥርዓት ጉድለት ሳይዘነጋ ነው ይህን የምለው፤ በአለንጋ ብዙ ልጅ አስመርሯል፤ ሴት ልጅን ከጥቂቶች በቀር አላስገባም፤ ስለ ዓለም የሚያስተምረውም ጥቂት ነው። ነገር ግን ተማሪ ከየት ላይ እንደ ቆመ አውቆ ከዚያ መነሣትን በተመለከተ፣ ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ከየኔታ ጉባኤ ሳይማረው የቀረ ነገር አለ።

ይኸው አካሄድ በዘመናዊ መልክ በአገራችን እየተሠራበት መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ከወረርሽኙ አስቀድሞ ጀምሮ፣ ከትምህርት ገበታ ውጭ የሆኑ ልጆችን በ10 ወር ውስጥ የ1ኛን፣ የ2ኛንና የ3ኛን ክፍል ትምህርት አስጨርሶ ወደ 4ኛ ክፍል የሚያስገባ የተፋጠነ ትምህርት በአንዳንድ ክልሎች ሲሰጥ ቈይቷል። የሚሰበሰቡት ልጆች ከ30 አይበልጡም፤ የሚያስተምረው ከዚያው ሠፈር የተመለመለ ወጣት ነው፤ ቋንቋው የልጁ ቋንቋ ነው፤ ቀኑ ረጅም ነው፤ ልጆቹ በትንንሽ ቡድን ተቀምጠው አንዱ ሌላውን ያስነብባል። ሦስት ዓመት በ10 ወር እንዴት ይጨመቃል ቢባል፣ በመደበኛው ክፍል ከሚባክነው ጊዜ የተነሣ ነው እንጂ ልጁ ልዩ ፍጥረት ስለ ሆነ አይደለም። ይህን ዘዴ ከውጭ ላሉት ልጆች የፈቀደው አስተዳደር፣ ከውስጥ ተቀምጠው ከውጭ ላሉት ልጆች ግን እስከ ዛሬ አልፈቀደውም፤ የነዚያ ስም በመዝገብ ላይ ስላለ ተማሪዎች ናቸውና።

የቦትስዋናም ልምድ እንዲሁ ሊጠቀስ የሚገባ ነው። በዚያ ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ተመራማሪዎች ለወላጆች በየሳምንቱ አጭር የሒሳብ ጥያቄ በስልክ መልእክት እየላኩ፣ ለገሚሶቹም አስተማሪ 20 ደቂቃ ያህል ደውሎ ከልጁ ጋር እንዲሠራ አደረጉ፤ የተደወለላቸው ልጆች ከሌሎቹ በርግጥ በልጠው ተገኙ። ስልኩ ተራ ስልክ ነው፤ ኢንተርኔት አይሻም። ለዚህ የሚያስፈልገው ልጁ ትናንት የት እንደ ደረሰ የሚያስታውስ ሰው ነው፤ በ2012 ዓ.ም. ክረምት በየቤቱ ደመወዝ እየተከፈላቸው የተቀመጡ መምህራን በመቶ ሺዎች የሚቈጠሩ ስለ ነበሩ፣ ሰው ጠፋ ለማለት አንደፍርም።

የተንከባለለው ጉድለት የታየው ከላይ በኩል ነው። በ2012 ዓ.ም. 10ኛ ክፍል የነበሩት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ደርሰው፣ ፈተናው ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጥቶ፣ ውጤቱ በጥር 2015 ዓ.ም. ሲነገር ከተፈታኞቹ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። በሚቀጥለው ዓመት 3.2 በመቶ፣ ከዚያም በሚቀጥለው 5.4 በመቶ ሆነ። ይህን ሁሉ የመዘጋቱ ፍሬ ነው ማለት እውነትን ማዛባት ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ውጤት በኩረጃ ያበጠ እንደ ነበረ የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ በአደባባይ የተናገሩት ነውና። ነገር ግን የተወሰደው መፍትሔ ሊመረመር ይገባዋል፤ ከወደቁት መካከል የተሻለ ያመጡት ተመርጠው በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሪሜዲያል የተባለ የማካካሻ ትምህርት እንዲወስዱ ተደረገ። ማካካስ የሚገባ ነገር መሆኑን አገሪቱ ተቀብላለች ማለት ነው፤ የተቀበለችው ግን በ18 ዓመቱ ወጣት ላይ፣ በመሰላሉ ጫፍ፣ እጅግ ውድ በሆነው ሥፍራ ነው። ለሰባትና ለስምንት ዓመቱ ሕፃን 45 ቀን በቅቶታል የተባለው ማካካሻ፣ ለዚህ ወራት ፈጅቷል።

እነዚያ በ2012 ዓ.ም. 1ኛ ክፍል የነበሩት ሕፃናት ከዚያ ወዲህ የሄዱበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል። 2ኛ ክፍልን በፈረቃ ተማሩ። በ2015 ዓ.ም. 4ኛ ክፍል በደረሱ ጊዜ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ተግባራዊ ሆነ፤ መጽሐፉ ግን በብዙ ሥፍራ ሳይታተም ወይም ሳይደርስ ቀረ፤ መምህሩ ከስልኩ እያነበበ በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ተማሪውም ይገለብጣል። ማንበብ የማይችል ልጅ መገልበጥ ይችላል፤ ደብተሩም ሙሉ ሆኖ ስለሚገኝ ወላጅ ይደሰታል። በ2017 ዓ.ም. የ6ኛ ክፍልን ክልላዊ ፈተና የተቀመጡት እነዚህ ናቸው። በ2020 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል ሲገቡ ትምህርቱ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል፤ 12ኛን የሚፈተኑት በ2023 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ውጤቱ ቢያሽቈለቍል ስለ ኮሮና የሚያነሣ ሰው የሚኖር አይመስለኝም።

ይህ ሁሉ የተባለው ግን ትምህርት ቤት በርግጥ ስለ ተከፈተላቸው ልጆች ነው። በትግራይ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ለወረርሽኙ የተዘጋው ደጅ ሊከፈት ሲል፣ በጥቅምት ማብቂያ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሥቶ፣ ብዙው ትምህርት ቤት ፈርሶ ወይም ተዘርፎ፣ የቀረውም የተፈናቃይ መጠለያ ሆኖ፣ ሕፃናቱ ሦስት ዓመት ያህል ቈይተው በ2015 ዓ.ም. ነው መመለስ የጀመሩት። ያኔ 3ኛ ክፍል የነበረ ልጅ ድምፁ ጐርንኖ 3ኛ ክፍል ሊቀመጥ መጣ፤ ያልመጣውም ብዙ ነው። በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በቀጠለው ውጊያ ምክንያት በሚሊዮን የሚቈጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነዋል፤ ከእነርሱም መካከል በኮሮና ጊዜ ፊደል ያቋረጠው፣ በፈረቃ ጥቂት የተማረው፣ እንደ ገና ያቋረጠው ልጅ አለ።

እነዚህ ልጆች ዛሬም ነገም እየተመለሱ ነው፤ ሲመዘገቡ የሚሞላላቸው ቅጽ ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውንና የመጨረሻ ክፍላቸውን ይጠይቃል። አንድ ገጽ ሰጥቶ አንብብ፣ አራት ስሌት ሰጥቶ ሥራ የሚል ቦታ የለውም። ለአንድ ልጅ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ፣ 60 ልጅ ያለበት ክፍል በአምስት ሰዓት ያልቃል፤ ይኸውም ከመስከረም አንድ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ወሮች ልጆቹን በክፍላቸው ሳይሆን በንባባቸው ከፋፍሎ ለማስተማር ግን መምህሩ ፖርሽኑን ወደ ኋላ መተው ይኖርበታል፤ ይህንንም ያደርግ ዘንድ ከርእሰ መምህሩ በላይ የሆነ የወረዳ ወይም የክልል ትምህርት ቢሮ በጽሑፍ ሊፈቅድለት፣ ሱፐርቫይዘሩንም የሚጠይቀውን ጥያቄ እንዲለውጥ ሊያዝዝለት ያስፈልጋል።